ጋሽ ኤቲሲክስና የተጋቡ ቃላት

ሰብለ ከሲያትል የደወለችልኝ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። በሥራ ሰዓት ደውላልኝ ስለማታውቅ ስልኩን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«ትዕግሥት» አለችኝ፤ «አባዬ ኤቲሲክስ ሆነ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ደንግጬ አፌን ስይዝ፣ እሷም በዚያኛው ጫፍ እያለቀሰች ስትስቅ ሰማኋት።

«አስቀድሞ፣ በዚህ ቃል ንገሪያት ብሎኝ ነው። ‹ለሌላው ሰው እንደፈለግሽ ንገሪ፤ ለትዕግሥት ግን እንዲህ በያት። መጀመሪያ ትስቃለች፣ ቀጥላ ታለቅሳለች› አለኝ።»

እንዳሉት ሆነ።

ኤቲሲክስ ሰማንያ ስድስት ማለት ነው። አሜሪካ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ግን «አልቋል፣ ከእንግዲህ የለም» ማለት ነው። ሾርባው ሲያልቅ ሼፉ «ሾርባ ኤቲሲክስ!» ብሎ ይጮሃል፤ ከዚያ በኋላ ሾርባ የሚያዝ አስተናጋጅ ካለ ወዮለት። ካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለው የእኛ ሰው ሁሉ ጋሽ ኤቲሲክስ እያለ የሚጠራቸው ሰውዬ ልጃቸው ሰብለ ቤት፣ በእንቅልፋቸው ላይ እንዳሉ አረፉ። «ሰማንያ ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ ንቅንቅ አልልም» ይሉ ነበር። ያቺ ዕድሜ ብቻ አልሞላችላቸውም።

ያወቅኋቸው ፖሊስ በሰጠኝ የቅጣት ቲኬት ምክንያት ነው። አሜሪካ ከገባሁ ገና ወራት ነበር። እዚያው ፌርፋክስ ላይ እትዬ ጥሩነሽ ሬስቶራንት ውስጥ አስተናጋጅ ሆኜ ነበር። አንድ ቀን ሽንኩርት አልቆ እትዬ ጥሩነሽ ከፊት ለፊት ካለው ማርኬት እንዳመጣ ላከችኝ። ሄድኩ፤ ገዛሁ። ስመለስ እስከ ትራፊክ መብራቱ መሄድ ምን አደከመኝ ብዬ ከነከረጢቴ መሀል መንገዱን አቋረጥኩ። እግሬ ዳር ሳይረግጥ ሞተር ሳይክል የያዘ ፖሊስ ፊቴ ቆመ። የሚለው ግማሹ አልገባኝም። ወረቀት ጽፎ ሰጠኝና ሄደ።

እያለቀስኩ ገባሁ። መስኮቱ አጠገብ ሁልጊዜ የሚቀመጡ፣ አጠር ያሉ፣ የቤዝቦል ቆብ የማይለያቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሰላም ከማለት በቀር አናግሬያቸው አላውቅም።

«ማን ሞተብሽ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም። ፖሊስ ቀጣኝ።»

«ምን አድርገሽ?»

«መንገድ ተሻግሬ።»

«እስቲ አምጪው።»

ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አነበቡና ፊታቸው በራ። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሳቸው እንደ ሎተሪ ዕጣ ያዩታል!

«ጄይዎኪንግ!» አሉ። «ዎኪንግ መሄድ ነው። ጄይ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«የፖሊሱ ስም ነው?»

ቆባቸውን ከራሳቸው ከፍ አድርገው መለሱት። ጥሩ ነገር ሲሰሙ እንደዚያ ማድረግ ልማዳቸው መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት።

«ጄይ ማለት በድሮ ጊዜ እዚህ አገር ባላገር ማለት ነው፤ ከገጠር መጥቶ ፎቁን ሽቅብ እያየ ከሰው ጋር የሚላተም። ቀድሞ መንገዱ የእግረኛ ነበር። መኪና ሲበዛ መንገዱ የመኪና ሆነ። ያኔ ‹እንደ ባላገር የሚሄድ› ብለው እግረኛውን ሰደቡት። ስድቡ ሰነበተና ሕግ ሆኖ ቁጭ አለ።»

«እኔ እኮ አዲስ አበባ ነው የተወለድኩት» አልኳቸው፣ አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

«ብትሆኚም እዚህ ባላገር ነሽ። እኔም ነበርኩ። አንቺስ ዕድለኛ ነሽ፣ በጽሑፍ አረጋገጡልሽ።»

ያን ቀን ከሳቅኩት በላይ በእነዚያ ወራት የሳቅኩ አይመስለኝም። ቲኬቱን የትና እንዴት እንደምጨርሰው አሳዩኝ። ከዚያ «ስምሽ ማነው?» አሉኝ።

«ቲጂ።»

«ቲጂ ጥሩ ነው፣ አጭር ነው። ግን ማነሽ?»

«ትዕግሥት መኮንን።»

«ትዕግሥት መኮንን» ብለው ደገሙት፤ ሊያጠኑት እንደሆነ ያስታውቃል። «ቅዳሜ ክፍል ነይ።»

ክፍል የሚሉት ከኦሎምፒክ መንገድ ጥግ ያለች የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ አዳራሹን የፈቀደላቸው ፓስተሩ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ቀን እናጠምቅዎታለን» ሲላቸው፣ «መጀመሪያ ይኼን ወንበር አጥምቅልኝ፣ ይንቀጠቀጣል» ይሉታል። በወንበሮቹ ላይ የምንቀመጠው አዲስ መጤዎች ነን፤ ሆሊውድ ሆቴል ውስጥ መኪና የሚያቆም፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ሰው ቤት ሽማግሌ የሚጠብቅ። ሰዋስው አያስተምሩም። «እሱን ኮሌጅ ሄዳችሁ ተማሩ። እኔ የማስተምራችሁ ሰው ሲስቅ አብራችሁ እንድትስቁ ነው» ይላሉ። የአሜሪካ የመንገድ ቃል፣ የቅጽል ስም፣ የቀልድ ቃል፣ ከየት መጣ፣ ማን ፈጠረው፣ ማን ላይ ይነገራል፤ ትምህርቱ ይኼው ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የራሳቸውን ታሪክ ነገሩን። ለአዲስ ተማሪ ሁሉ ስለሚነግሩት የቆዩት በቃላቸው ይዘውታል፤ ግን እነሱም ይስቃሉ።

«ሆሊውድ ውስጥ አንድ ዳይነር፣ ተራ ምግብ ቤት፣ ሳህን አጣቢ ሆኜ ገባሁ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው። የመጀመሪያ ቀኔ። እንግሊዝኛዬ ቁጥር መቁጠር ብቻ ነው፤ ቁጥር ግን አሳምሬ እችላለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሼፉ ዞር አለና ‹ኤቲሲክስ ሱፕ!› ብሎ ጮኸ። ሰማንያ ስድስት ሾርባ! ጉድ ፈላ አልኩ፤ ሠርገኛ መጣ። የሾርባ ሳህን ከመደርደሪያ ማውረድ ጀመርኩ። ጠረጴዛው ሞላ። በመክተፊያው ጣውላ ላይ ደረደርኩ። ማቀዝቀዣው ላይ ደረደርኩ። ሰባ ላይ ሳህን አለቀብኝ። ስድስት የቡና መጠጫ ኩባያ ጨመርኩበት። ሼፉ ዞር ሲል ኩሽናው ነጭ በነጭ ሆኗል። ‹ምንድነው ይኼ?› አለኝ። ‹ቴን ሞር› አልኩት፤ አሥር ብቻ ቀረኝ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው ኤቲሲክስ ሆነ። ቁጥሩ ለምን «አልቋል» ማለት እንደሆነ ስንጠይቃቸው ሦስት መልስ ነበራቸው። አንዱ፣ «የለም» ማለት ከሆነው «ኒክስ» ከሚሉት ቃል ጋር ቤት ስለሚመታ ነው ይላል። አንዱ፣ የአንድ መጠጥ ቤት የቤት ቁጥር ነው ይላል። ሦስተኛው፣ ድስቱ ለሰማንያ አምስት ሰው ብቻ የሚበቃ ስለነበር ሰማንያ ስድስተኛው ሰው ጦሙን ያድር ነበር ይላል።

«እውነቱ የትኛው ነው?» አልኩ።

«የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም» አሉ። «እኔ ግን የምወደው ሦስተኛውን ነው። ያ ሰውዬ ያሳዝነኛል።»

የተጋቡ ቃላት የሚሏቸው ነበሩ። ሞተርና ሆቴል ተጋብተው ሞቴል ወለዱ፤ «እሱ የእዚሁ የካሊፎርኒያ ልጅ ነው» ይላሉ። ስሞክና ፎግ፣ ጭስና ጉም፣ ተጋብተው ስሞግ ሆኑ። ብሬክፋስትና ላንች ተጋብተው ብራንች። ብራንችን ያስተማሩን ቀን ከኋላ የተቀመጠ አንድ ታክሲ ነጂ፣ «ጋሼ፣ እሱ እኮ እኛም አለን» አላቸው።

«ምን አለን?»

«ቁምሳ። ቁርስና ምሳ።»

ከአገር ከወጡ ሠላሳ ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው፤ ቁምሳን ሰምተው አያውቁም ነበር። ነገሩን አስደገሙት። ማን እንደሚለው ጠየቁት። «ተማሪ ነዋ» አላቸው። «በቀን ሁለቴ ለመብላት አቅም ሲያጥረው፣ ቁርሱን አዘግይቶ ምሳውን አፍጥኖ አንዴ ይበላል። ሶ፣ ቁምሳ በላሁ ይላል።»

ቆቡ ተነሣ። «አያችሁ!» አሉ፤ «ፈረንጆቹ በእሁድ እንቅልፍ ጠግበው ሲነሡ የፈጠሩትን ቃል፣ የእኛ ልጆች ሲርባቸው ፈጠሩት። ጋብቻው አንድ ነው፣ ሠርጉ ለየቅል!» ቀኑን ሙሉ ቁምሳ ሲሉ ዋሉ። እትዬ ጥሩነሽም በነጋታው «ሰውየው ምን ሆኑ? ሲመጡ ቁምሳ ስጪኝ ይሉኛል» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ኦኬን አስተማሩን። ባቡር ጣቢያ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር፤ ዕቃ ሲፈትሽ የስሙን ሁለት ፊደል ኦ እና ኬ ብሎ ይጽፍ ነበር፤ ከዚያ መጣ አሉን። ሰላም የምትባል ኮሌጅ የምትማር ልጅ ስልኳን ስትነካካ ቆይታ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ እዚህ ሌላ ነው የሚለው። ቦስተን ውስጥ ጋዜጣ ላይ የሚጽፉ ሰዎች ለቀልድ ፊደል እያሳሳቱ ይጽፉ ነበር ይላል። ‹ኦል ኮሬክት›ን፣ ሁሉም ትክክል የሚለውን፣ በኤ እና በሲ መጀመር ሲገባው በኦ እና በኬ ጀምረው ጻፉት። ሶ፣ ከእሱ ነው።»

ሁላችንም አቀረቀርን። ሽማግሌ ሲታረም ደስ አይልም። እሳቸው ግን ወንበራቸውን አስጠግተው ስልኩን ተቀበሏትና በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ትክክል የሚለውን ቃል አሳስተው ጻፉት?» አሉ። «ዓለም በሙሉ የሚናገረው ቃል፣ የተሳሳተ ትክክል ነው?» እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ያንን የባቡር ሰውዬ ሳመሰግን ኖርኩ! ሰላም በላይነህ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ።» በቀጣዩ ቅዳሜ ለአዲስ ገቢዎች ሲያስተምሩ፣ «ይኼን ያስተማረችኝ ሰላም በላይነህ ናት» እያሉ ነበር።

ሙሉ ስም መጥራታቸው ሁላችንንም ይገርመናል። ትምህርቱ ሲጀመር አንድ ሰው ተነሥቶ የሌላውን ሰው ሙሉ ስም ከነአባቱ ይጠራል። ቴዲ፣ ቲጂ፣ ጆኒ ብሎ ነገር እዚያች ሰዓት የለም። ለቅጽል ስም ይኼን ያህል ፍቅር ያለው ሰው ለምን እንዲህ እንደሚጨነቅ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። መኪና መንዳት ትተው ስለነበር ከክፍል በኋላ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ወዳለው አፓርትመንታቸው የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። በራቸው ላይ ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ሳጠፋ ነው የጠየቅኋቸው።

ቆባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ፔጊ የምትባል አስተናጋጅ ነበረች» አሉኝ። «ዳይነሩ ውስጥ። ከሉዊዚያና የመጣች ጥቁር አሜሪካዊት። ሰው ያደረገችኝ እሷ ናት። ያን ቀን በሳህኑ ጉድ ማኔጀሩ ሊያባርረኝ ነበር። ‹በአንድ ቃል ይኼን ሁሉ ሳህን የሚደረድር ሠራተኛ ከየት ልታገኝ ነው?› ብላ አስቀረችኝ። ስምንት ዓመት አብረን ሠራን። የማውቀውን ቃል ሁሉ ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

ጭናቸው ላይ ያለውን ቆብ አገላበጡት። አልቸኮልኩባቸውም።

«ታመመች። ሆስፒታል ገባች ሲሉኝ የምትወደውን የኮክ ፓይ፣ የፍራፍሬ ኬክ ነገር፣ ይዤ ሄድኩ። ‹ፔጊ› አልኩ። የቤተሰብ ስም ጠየቁኝ። አላውቅም። ስምንት ዓመት ደረቷ ላይ ካለው የስም ካርድ ያነበብኩት ፔጊ የሚለውን ብቻ ነው። ፈለጉና ‹በዚህ ስም የተኛ ሰው የለም› አሉኝ። በማግስቱ ተመለስኩ። ያው መልስ። ሆስፒታሉን ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሌላ ሆስፒታል ሄድኩ። በሳምንቱ ሞተች።»

«ውይ ጋሼ።»

«ቀብሯ ላይ የሰጡኝ ወረቀት ማርጋሬት ይላል። የማላውቀው ሰው ለቅሶ የገባሁ መሰለኝ። ልወጣ ተነሥቼ ፎቶግራፉን አየሁ። እሷ ናት፤ ትስቃለች። እኅቷን ይዤ፣ ‹ማርጋሬት እንዴት ብሎ ፔጊ ይሆናል?› አልኳት። እያለቀሰች አስረዳችኝ። ማርጋሬት ሜግ ሆነች። ሜግ ሜጊ ሆነች። ልጆች ሲያቆላምጡ ፊደሉን ለውጠው ፔጊ አሏት። ቢልም ዊልያም ነው፣ ጃክም ጆን ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ሲያጋጥመኝ ‹ማን ነበርክ?› ሳልለው አላልፍም።»

በሩን ከፈቱ። ከመውረዳቸው በፊት፣ «ፓዩን አውቶቡስ ላይ ለአንድ ሰው ሰጠሁት» አሉኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ እሳቸው ራሳቸው ታመሙ። አውቶቡስ እየጠበቁ ኦሎምፒክ ላይ ወደቁ፤ ልባቸው ነበር። እትዬ ጥሩነሽ በጠዋት ደውላ ነገረችኝ። ከአዲሱ ሥራዬ አስፈቅጄ ሆስፒታሉ ስደርስ እንግዳ መቀበያው ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች።

«የመጣሁት አቶ ወልደ…» ስል፣

«ወልደሰንበት አየለ» አለችኝ። ጥርት አድርጋ! «ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ የሚመጣው ሰው ሁሉ ይኼንን ስም ፊደል በፊደል እየቆጠረ ያስተምረኛል። ቤተሰብ ናችሁ?»

«ክፍል ነን» አልኳት። ምን እንዳልኳት የገባት አይመስለኝም፤ ግን አስገባችኝ።

ከስተው ነበር፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ታክሲ ነጂው፣ ሰላም፣ ፓስተሩ፣ ሁሉም አልጋውን ከበውታል። ሴትየዋ ያለችኝን ነገርኳቸው። አጠራሯን አስመስዬ ስነግራቸው ሌሎቹ ሳቁ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቆይተው፣ «አገኛችሁኝ» አሉ። ታክሲ ነጂው ብርድ ልብሳቸውን አስተካከለላቸው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ባዶ እጅሽን ነው የመጣሽው?»

«ብርቱካን ይዣለሁ።»

«ብርቱካን ማን አለሽ? ቃል።»

ደግነቱ ቃል ነበረኝ። በዚያው ሰሞን ሬስቶራንት የገባች አንዲት ፈረንጅ ምግቧ ሲዘገይ ባሏን ስትቆጣው ሰምቼ ነበር። «ሄንግሪ» አልኳቸው። «ሀንግሪና ኤንግሪ። ርሃብና ንዴት ተጋብተው ነው። ሰው ሲርበው የሚመጣበት ንዴት።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የደከማቸው መስሎን ልንወጣ ስንነሣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እየሞከሩ ነው።

«ተራበ፣ ተናደደ» አሉ። «ተራ… ተራናደደ።»

ማንም ከመሳቁ በፊት ግሡን ያረቡት ጀመር። «ተራናደድኩ፣ ተራናደድሽ፣ ተራናደደች። ጥሩነሽ ሆይ ቶሎ በይ፣ ተራናድጃለሁ! ሄደ እኮ! ሲረባ አይደናቀፍም!» ነርሷ ሮጣ መጣች፤ አንድ ችግር የተፈጠረ መስሏት ነው። ስድስት ሰው በሳቅ ሲንፈራፈር አገኘች።

ዳኑ። ሰብለ መጥታ ሲያትል ወሰደቻቸው፤ እዚያም ከአንድ ዓመት በላይ በደኅና ኖሩ። ስደውልላቸው ዝናቡን ከማማረር ይልቅ ሲያትሎች ዝናብን ስንት ስም እንዳወጡለት ነው የሚነግሩኝ። ክፍሉን ሰላም ያዘችው። በመርዶው ማግስት እትዬ ጥሩነሽ ሬስቶራንቱን ዘግታ ሁላችንም እዚያ ተቀመጥን። እያንዳንዳችን ተነሥተን ሙሉ ስማቸውን ጠራን። ፓስተሩ ጸለየ፤ እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ ቅዳሴ አስቀድሳላቸው ነበር።

ያ ካለፈ ሦስት ወር ሆኖት ይሆናል፣ እሑድ ቀን ምሳ ልበላ እዚያው ገባሁ። አሁን እኔ ተስተናጋጅ ነኝ። አጠገቤ ካለው ጠረጴዛ አንድ ወጣት ተቀምጧል፤ የሆቴል ፓርኪንግ ዩኒፎርሙን እንኳን አላወለቀም። አይቼው አላውቅም፤ ክፍልም የነበረ ልጅ አይደለም። ጠረጴዛውን በጣቱ ይደበድባል።

«እህት፣ እባክሽ ፍጠኚ» አላት አስተናጋጇን። «ተራናድጃለሁ!»

የጠቀለልኩትን ትሪው ላይ መለስኩት።

«ይቅርታ፣ ምን አልክ?»

«ተራናድጃለሁ» አለኝ። አስተያየቴን አይቶ ፈገግ አለ። «አታውቂውም እንዴ? ሲርብሽ የሚመጣብሽ ንዴት። ኖርማል አማርኛ ነው።»

«ከየት ሰማኸው?»

«ሁሌም ያለ ነው እኮ! የእኛ አገር ሰው ይለዋል፣ በወሎ በኩል። እናቴ ራሷ ትለዋለች።» ጥርጣሬ የሚባል ነገር ፊቱ ላይ የለም። ከዚያ ለእኔ እንደማዘን ብሎ፣ «ካገር ቤት ከወጣሽ ቆይተሻል መሰለኝ» አለኝ።

«አዎ፣ ቆይቻለሁ» አልኩት።

የእሱ ምግብ ገና ነበር። የእኔን ትሪ ወደ እሱ ጠረጴዛ ገፋሁለት። ትንሽ ተግደረደረና እጁን ሊታጠብ ተነሣ፤ ተመልሶ ጎረሰ። ሁለት ሦስት ሲጎርስ ትከሻው ላላ፣ ፊቱ ተፈታ፤ ስሜን ጠየቀኝ። ከነአባቴ ነገርኩት።